ሦስት ኪሎ ሜትር አረንጓዴ ቀለም

ጠዋት ቢሮ ስትገባ ፔዳልን ደፍሮ ሰላም የሚላት ሰው ጥቂት ነው። ሄልሜቷን ጠረጴዛው ላይ ትወረውረዋለች፤ ጓንቷን መንጭቃ ታወልቃለች፤ ከዚያ ለሰው ሳይሆን ለግድግዳው «ሃያ ሦስት!» ትላለች። ከጎኗ የምትቀመጠው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነገሩ ስለሚገባት አንድም ነገር ሳትጠይቅ ሻይ ትቀዳላታለች። ሃያ ሦስት ማለት በዚያ ጠዋት የብስክሌት መስመሩ ላይ ተገትረው ያገኘቻቸው መኪኖች ናቸው። ትናንት አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ከትናንት ወዲያ ዝናብ ስለነበር ሠላሳ አንድ።

መስመሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። ከአደባባዩ ይነሳና በገበያው ጀርባ አድርጎ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያልቃል። አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በየሃምሳ ሜትሩም ነጭ የብስክሌት ሥዕል አለው። ፔዳል ይህን መስመር ለማሠራት አራት ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራታለች። የተመረቀ ዕለት ከደስታዋ ብዛት አልቅሳለች። በማግስቱ አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ሶፋዎቹን አሰለፈበት፤ በሳምንቱ መኪና አጣቢዎች ባልዲያቸውን ይዘው ሰፈሩበት፤ ወር ሳይሞላ አረንጓዴው ቀለም የሚታየው እሑድ ማለዳ ብቻ ሆነ። እሷም በየቀኑ አምስት ሜትር ትነዳና ትወርዳለች፤ ብስክሌቷን ተሸክማ መኪና ትዞራለች፤ እንደገና ትወጣለች፤ እንደገና ትወርዳለች። ቢሮ ስትደርስ ደሟ የሚፈላው ለዚህ ነው።

ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው። ፔዳል የሚለውን ስም ያወጣላት በልጅነቷ ያሠለጥናት የነበረው ሰው ነው፤ ተቀምጣ እንኳ እግሯ አያርፍም ነበርና። አሥራ አንድ ዓመት ለብሔራዊ ቡድን በብስክሌት ተወዳድራለች። በአገር አቀፍ ውድድር ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጥታለች፤ ከአገር ውጭ በተደረገ ትልቅ ውድድር ደግሞ አራተኛ። አራተኛ ለወጣ ሰው ሜዳሊያ የለም፤ ከንፈር የሚመጥለት ግን በሽ በሽ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሆናት ቁልቁለት ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ውድድሩ በዚያው አበቃ።

ሰዉን ሁሉ ብስክሌት ላይ ላውጣ የሚለው አባዜ የያዛት ግን ገና በደህናው ጊዜ ነው። ሰው አገር ለውድድር ሄዳ ልምምድ ላይ ሳለች ከኋላዋ የደወል ድምፅ ሰማች። ዞር ብትል ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ፣ ፊት ለፊት ቅርጫት ውስጥ ጎመንና ሽንኩርት ጭነው፣ እጃቸውን በይቅርታ አወዛውዘው አልፈዋት ሄዱ። እርግጥ ነው እሷ በዚያች ሰዓት ትንፋሽ እየሰበሰበች ነበር፤ ታሪኩን ባወራች ቁጥር ይህቺን ሳትጨምር አታልፍም። ግን ነገሩ ከአእምሮዋ አልጠፋም። ሴትዮዋ ሻምፒዮን አልነበሩም። ስፖርት ሊሠሩም አልወጡም። ጎመን ሊገዙ ወጥተው መመለሳቸው ነበር። ሞተር የለ፣ ጭስ የለ፣ ሰልፍ የለ። «የኛ ሰው ምን አጥቶ ነው?» አለች ለራሷ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትላለች።

ከጉዳቷ በኋላ የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ቀጠራት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከሚከማቹበት ክፍል ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ሰጧት። ኃላፊው ከእሷ በጥቂት ዓመት የሚያንስ፣ ሸሚዙ መቼም የማይጨማደድ፣ ለሁሉም ነገር አንድ መልስ ያለው ሰው ነው።

«አለቃ፣ የጠየቅኩት የብረት ምሰሶ ነው» ትለዋለች። «መስመሩ ጠርዝ ላይ ምሰሶ ከተተከለ መኪና አይገባም፤ አለቀ፣ ደቀቀ።»

«ምሰሶው በሂደት ላይ ነው።»

«ባለፈው ዓመትም በሂደት ላይ ነው ብለውኝ ነበር እኮ!»

«አየሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ቆሟል ብዬሽ አላውቅም» ይላል ፈገግ ብሎ። «ዋናው ምሰሶ አይደለም፤ የሰው አመለካከት ነው። እስቲ አመለካከት ላይ እንሥራ።»

አመለካከት ላይ መሥራት ማለት ፖስተር ማሳተም ማለት ነበር። ፔዳልን ብስክሌቷ ላይ አስቀምጠው ፎቶ አነሷት፤ ከሥሩ «ንጹሕ አየር ለሁላችን» ብለው ጻፉበት፤ ከዚያ ወስደው ከከተማ አውቶብሶች ኋላ ለጠፉት፤ ልክ ከጭስ ማውጫው በላይ። ወር ሳይሞላ ፊቷ እንደ ከሰል ጠቆረ። አንድ ቀን መብራት ላይ ቆማ ሳለች አንዱ አውቶብስ ከፊቷ ተነሳና የራሷ ጥቁር ፊት በጥርሷ እየሳቀባት ጭሱን አፏ ውስጥ ለቀቀባት። በዚያን ዕለት ምሳዋን አልበላችም።

ንግግሩም እንደዚያው ነው። ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ፋብሪካ እየጠሯት ትናገራለች። አዳራሹ ይሞላል፤ ይጨበጨባል፤ ፎቶ ይነሳሉ። ከዚያ ጥያቄ ሲባል አንዱ ተነስቶ እግሯ እንዲህ የጠነከረው ምን በልታ እንደሆነ ይጠይቃል። ሌላው ልጁን ሯጭ ማድረግ እንደሚፈልግ ይነግራታል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ወፈር ያሉ ሰውዬ በጣም እንደተነኩ ሁሉ እጇን ይዘው፣ «ልጄ፣ ልቤን ነክተሽዋል። እስቲ መኪና ላይ ብስክሌት የሚጫንበትን ብረት የት ነው የማገኘው?» አሏት። ስትወጣ ሁሉም ወደ መኪናው፤ እሷ ወደ ብስክሌቷ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እንኳ «አይዞሽ፣ አንድ ቀን ለአንቺም መኪና ይሰጥሽ ይሆናል» ብሏታል።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው አባቷን ነው።

አባቷ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ሁለቱ ብቻ ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ ሰሞን ያላቸውን አራግፈው አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ገዙ፤ ከኋላ ማንም «ወራጅ አለ!» የማይላቸው፣ የራሳቸው መኪና። ያን ዕለት የነበረው ደስታቸው ልጅ የወለዱ ያህል ነው። ክፋቱ ከዚያ ወዲህ እግራቸው መሬት ረግጦ አያውቅም። ፀጉር አስተካካዩ ከደጃፋቸው ቆመው ቢጣሩ የሚሰማቸው ሰው ነው፤ በመኪና ይሄዳሉ። ሐኪሙ ስኳራቸው ከፍ ማለቱን አይቶ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር ይሂዱ ብሎ አዘዛቸው። ትእዛዙን አክብረው እስከ ሜዳው ድረስ በመኪና ይሄዱና ሜዳውን ሁለቴ ዞረው በመኪና ይመለሳሉ።

ፔዳል የኃላፊው ምሰሶ ናላዋን ሲያዞረው በራሷ ጊዜ ትንንሽ ወረቀት አባዝታ ነበር፤ «ይህ መስመር የብስክሌት ነው። እባክዎ መኪናዎን ያንሱልን። እናመሰግናለን» የሚል። ጠዋት ጠዋት እየዞረች መስታወት መጥረጊያ ሥር ትሰካዋለች። አንድ ማክሰኞ መድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት መስመሩን ሙሉ በሙሉ ዘግታ የቆመች ነጭ መኪና አገኘች። ብሽቅ ብላ ወረቀቱን ሰክታ ልትሄድ ስትል የሹፌሩ ወንበር ላይ ያለችው የወገብ መደገፊያ ትራስ ዓይኗ ውስጥ ገባች። ትራሷን የገዛቻት ራሷ ናት።

አባቷ የመድኃኒት ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ብቅ አሉ።

«እንዴ! አንቺ ነሽ?» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወረቀቱን አዩት። «ይሄን ደግሞ ማን ነው የሰካብኝ? አላየሽም?»

«እኔ ነኝ የሰካሁት አባዬ!»

«ታዲያ የአባትሽን መኪና አታውቂውም?»

«አባዬ፣ የቆሙት የብስክሌት መስመር ላይ ነው እኮ።»

«መቼ ጠፋኝ! አንቺ አይደለሽ ያሠራሽው? በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ» አሉ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «እና የገዛ ልጄ ባሠራችው መንገድ ላይ አምስት ደቂቃ ብቆም ምናለበት?»

ፔዳል የብስክሌቷን መሪ ጨብጣ ልትሄድ ዞረች።

እሳቸው በሩን እየከፈቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ሳመላልስ የኖርኩት ልጄ እንዲህ ላብ በላብ ሆና ሥራ እንድትገባ ነው? ጎረቤቱ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ያ ሁሉ ሻምፒዮንነት መጨረሻው ሳይክል ሆነ› ነው የሚለው። ግቢ፣ ላድርስሽ።»

«ብስክሌቴንስ?»

«ከኋላ ትገባለች።»

ያን ቀን ቢሮ ስትገባ ቁጥር አልተናገረችም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ይህን አይታ ሻዩን ሁለት ስኳር ጨምራ አቀረበችላት።

ከዚህ በኋላ ነው የብስክሌት ቀን የመጣው። ሐሳቡ የኃላፊው ነበር። አርባ ብስክሌት በውሰት መጣ፤ አርባ ነጭ ካናቴራ ታተመ። መርሐ ግብሩ አደባባዩ ላይ ንግግር፣ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር የሚደረግ ጉዞ፣ ከዚያ ባንኩ ጥግ ላይ መበተን ይላል። ፔዳል ወረቀቱን ደግማ አነበበችው።

«አለቃ፣ ሁለት መቶ ሜትር? መስመሩ እኮ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።»

«ምሳሌያዊ ጉዞ ነው» አለ። «ዋናው መልእክቱ ነው። አንቺ ከፊት ምሪ፤ እኔ ከኋላሽ ጎማሽን እየተከተልኩ እመጣለሁ። ከልጅነቴ ወዲህ አልነዳሁም።»

ዕለቱ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ባለሥልጣናቱ መጡ፤ በአሥራ አራት መኪና። መኪኖቹ ባንኩ ጥግ ላይ፣ ያውም አረንጓዴው መስመር ላይ፣ ሞተራቸው ሳይጠፋ ተሰልፈው ይጠብቁ ጀመር፤ ጌቶቻቸው ሲገቡ ውስጡ እንዳይሞቅ። ከየመሥሪያ ቤቱ የታዘዘ ሰውም ተሰብስቧል። ከጤና ጣቢያው የመጣች አንዲት ወፍራም ነርስ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች አንድ ብስክሌት በቀንዱ ይዛ ቆማለች።

«እህቴ፣ ይውጡ እንጂ፣ ልንነሳ ነው» አለቻት ፔዳል።

«ኸረ እኔ መንዳት አልችልም» አለች ነርሷ። «ይዘሽ ቁሚ ነው የተባልኩት። ለፎቶ።»

ፔዳል በዚህች ቃል ነው የተቀየረችው። በኋላ ሰው ሲጠይቃት አስባበት እንዳልነበር በማንም ፊት ትምላለች። ንግግሩ አለቀ፣ ፊሽካ ተነፋ፣ ከፊት የፊልም አንሺው ፒክአፕ ተነሳ፣ እሷም ተከተለች። ባንኩ ጥግ ደረሱ። አስተናባሪው ሁለት እጁን ዘርግቶ «እዚህ ጋ ነው! እዚህ ጋ ነው!» እያለ ይጮኻል። አሥራ አራቱ መኪኖች ጭሳቸውን ይተፋሉ። ፔዳል እግሯን ልታቆም ሞከረች፤ እግሯ እምቢ አለ። በመኪኖቹ ጎን ሾልካ አለፈች። ኃላፊው ጎማሽን ነው የምከተለው ብሏልና ተከተላት። ፊልም አንሺውም ገና አላለቀም ብሎ ካሜራውን ሳያጠፋ በዋናው መንገድ ጎን ለጎን ተከተለ። ካሜራ እያየው ኃላፊው እንዴት ይውረድ? ከኋላ ያለው ሰልፍ ግማሹ ቆመ፤ ግማሹ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ቀጠለ።

«ፔዳል! ፔዳል! አልፈነዋል!» አለ ኃላፊው ከኋላ።

«መስመሩ ይቀጥላል፣ አለቃ!»

ገበያው ጀርባ ሲደርሱ መጀመሪያ የገጠማቸው ሶፋ ነው። ባለሦስት መቀመጫ፣ ቀይ። ፔዳል ወረደች፣ ብስክሌቷን በትከሻዋ አነሳች፣ አለፈች። ኃላፊውም ወረደ። ብስክሌቱን ሲያነሳ የሱሪው ጫፍ ሰንሰለቱ ውስጥ ገባና በአንድ እግሩ እየዘለለ ሶፋው ላይ ዝርፍጥ አለ። የቤት ዕቃ ነጋዴው ደንበኛ የመጣ መስሎት «ምቾቱን አዩት?» ብሎ እየሮጠ ወጣ።

ከዚያ ሚኒባስ፤ ከዚያ የቆመ ጭነት መኪና፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች አረፋ የለበሰች መኪና። የመኪና አጣቢዎቹ አለቃ ኃላፊውን በትሕትና አስቆመው። «ጌታዬ፣ እዚህ ሥራ ላይ ነን። በዋናው መንገድ ቢዞሩ ይሻላል።»

«ይሄ እኮ የብስክሌት መስመር ነው!» አለ ኃላፊው። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ፔዳል የሰማችው የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

«ይባላል» አለ ሰውየው።

ምርጫ አልነበራቸውም፤ ዋናው መንገድ ላይ ወጡ። ፔዳል ለእንዲህ ያለው መንገድ አዲስ አይደለችም። ኃላፊው ግን መሪውን አንቆ ይዞ እየተንገዳገደ ሲነዳ ከኋላ አንድ የድንጋይ ጫኝ መኪና ክላክሱን ለቀቀበት። መስታወቱ ትከሻውን ለጥቂት ሳተው። ሰውየው አልወደቀም፤ ግን መንገዱ ዳር ደርሶ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከኋላው የነበረችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ብስክሌቷን ጥላ እሪ አለች። ፔዳል ዞራ ስታያቸው ከብስክሌቷ ወርዳ ወደ እነሱ ተመለሰች። እነዚህን ሰዎች እዚህ ያመጣቻቸው እሷ ናት። ማንኛቸውንም አላሠለጠነቻቸውም።

የቀረውን መንገድ በዝግታ፣ በእግር እየገፉ ጨረሱት።

«ስንት ቀረን?» ይላል ኃላፊው በየመቶ ሜትሩ።

«በሂደት ላይ ነው፣ አለቃ» አለችው ሦስተኛው ላይ፤ ምላሷን መያዝ አቅቷት።

ከአርባው ሰው ጤና ጣቢያው የደረሱት ዘጠኝ ናቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሥረኛዋ መጣች፤ ወፍራሟ ነርስ፣ ያልነዳቻትን ብስክሌት ሦስት ኪሎ ሜትር ሙሉ እየገፋች። «መቼም መንገዴ ነው» አለች ላቧን በጋውኗ እየጠረገች።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮው አስጠራት። ኃላፊው ብስክሌት ተሸክሞ ሶፋ ላይ የወደቀበት ፊልም በሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ሸሚዙ አሁንም አልተጨማደደም፤ ድምፁ ግን ተጨማድዷል። «ከፕሮግራም ውጪ በመንዳት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣት፤ ሦስት ወር ቢሮውን ወክላ የትም እንዳትናገር አገዳት።

«ልትገዪኝ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። እሱን ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እኔ ግን በየቀኑ ነው እዚያ የምነዳው።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ።

ቤት ስትገባ አባቷ ፊልሙን አይተውት ጠበቋት። ይስቃሉ ብላ ነበር፤ አልሳቁም።

«ልክ አልሠራሽም» አሉ። «መንዳት የማይችል ሰው ጭነት መኪና መሃል አስገባሽ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ተሳፋሪ አልጣልኩም።»

«እርስዎ ደግሞ መኪናዎን መስመሩ ላይ ባያቆሙ ኖሮ…»

«እሱም ልክ አይደለም» አሉ አባቷ። ይህን ብለው ቴሌቪዥናቸውን ከፈቱ። ፔዳል ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ እንደነበር ልታስታውስ ሞክራ አቃታት።

ነርሷ ቢሮ ድረስ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሦስት ፎቅ ወጥታ፣ አንዱን የተሰበረ ወንበር ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች።

«አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «እኔ ሥራ የምገባው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ የሚባል የለም፤ ስመለስም ሰልፉ አይቻልም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰዓት በእግሬ ሄጄ፣ ስምንት ሰዓት ቆሜ ውዬ፣ አንድ ሰዓት በእግሬ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ያቺን ብስክሌት ስገፋ አንድ ነገር አሰብኩ። ብወጣባት እኮ ሩብ ሰዓት ናት።»

«ናት» አለች ፔዳል።

«እንግዲያው አስተምሪኝ። ንግግር ግን አትናገሪብኝ፤ ፖስተርሽን አውቶብስ ላይ አይቼዋለሁ።»

ፔዳል ስንትና ስንት ሺህ ሰው ፊት ቆማ ተናግራለች። አስተምሪኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን ይህቺ የመጀመሪያዋ ናት።

አባቷ ይሠሩበት የነበረው የድሮው የአውቶብስ ግቢ ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ለዘበኛው አባቷ ተናገሩላቸውና ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተከፈተላቸው፤ ብስክሌቱንም ፔዳል ለብስክሌት ቀን ካዋሱት ሰዎች ለምና አመጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ነርሷ ብቻ ነበረች፤ በሁለተኛው ሁለት የጽዳት ሠራተኞችን ከጤና ጣቢያው አስከትላ መጣች፤ በአምስተኛው ሰባት ሴቶች ሆኑ። ሁሉም ንጋት ላይ ሥራ የሚገቡ ናቸው።

ማስተማሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፔዳል ብስክሌት መንዳት መቼ እንደለመደች አታስታውስም፤ ስለዚህ ሰው እንዴት እንደሚያቅተው አይገባትም። «ዝም ብለሽ ንጂ!» ትላለች። ነርሷ ዝም ብላ ትነዳና ዝም ብላ ትወድቃለች። «አትፍሪ!» ትላታለች። «አልፈራሁም፣ እየወደቅኩ ነው!» ትላታለች ነርሷ ከመሬት። ፔዳል ሄልሜቷን አውልቃ ፀጉሯን ትነጫለች።

ያዳኗቸው አባቷ ናቸው። አንድ ቅዳሜ የግቢው በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆይተው አላስችል ሲላቸው ገቡ።

«ጎማውን ምን ታይዋለሽ? አይጠፋብሽም! መንገዱን እዪ፤ የምትደርሺበትን እዪ» አሏት ነርሷን። «ትከሻሽን ልቀቂ። ፍሬን ከመያዝሽ በፊት ኋላሽን እዪ። እንደሱ… እንደሱ… ጎበዝ!»

ነርሷ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሳትወድቅ ሄደች። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ የመንገድ ሥርዓት የሚያስተምሩት እሳቸው ሆኑ። ወንበር አስወጥተው፣ ፊሽካ ገዝተው፣ ሴቶቹን እንደ ድሮ ሹፌሮቻቸው ያሰልፋሉ። የሚመጡት ግን በመኪና ነው። ከቤት እስከ ግቢው ስድስት መቶ ሜትር አይሞላም።

«አባዬ፣ ብስክሌት ለማስተማር በመኪና ይመጣል?»

«ወንበሩን በምን ላምጣው?»

«ወንበሩ እዚሁ ያድራል እኮ!»

«ትራሴስ?» አሉ፤ ነገሩም በዚያ አለቀ።

በዚያው ሰሞን፣ ሁለት ዓመት በሂደት ላይ የነበረው ምሰሶ በአሥራ አንድ ቀን ተተከለ። ፔዳል ዜናውን ስትሰማ ብስክሌቷን እያበረረች ሄደች። ምሰሶው እውነትም ተተክሏል፤ ጠርዙ ላይ ሳይሆን ግን በየመግቢያው መሃል ለመሃል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። መኪና አይገባም። ብስክሌትም አይገባም። መሪዋን ለክታ፣ ክፍተቱን ለክታ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። በአራት ጣት ይጠባል።

ተካዩ የቀን ሠራተኛ አዘነላት። «የተሰጠን ሥዕል ይሄ ነው እህቴ። ብስክሌት እንደሚያልፍበት ማንም አልነገረን።»

ደብዳቤ ጻፈች። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ጻፈች። ከዚያ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ኃላፊው ራሱ ከሾፌሩ ጋር መጥቶ፣ ከመኪናው ወርዶ፣ ሜትር ይዞ ለካ። ማንንም አላናገረም። በሳምንቱ ከስምንቱ መግቢያ አምስቱ ተስተካከሉ። ሦስቱ እስከ ዛሬ አልተነኩም። ሶፋዎቹ ግን ወደ ሱቃቸው ገብተዋል፤ መኪና አጣቢዎቹም ወደ ጀርባው ሜዳ ሄደዋል፤ በቀን ሃያ ሦስት የነበረው መኪና ስድስት፣ ሰባት ሆኗል። ፔዳል ለስድስቱም ቢሆን እንደ ሃያ ሦስቱ ነው የምትበሽቀው።

ነርሷ በመጀመሪያው ቀን ሥራ በብስክሌት ልትሄድ ስትነሳ አንድ ችግር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ወደ ግራ መታጠፍ አትችልም። ወደ ቀኝ አንደኛ ናት። ወደ ግራ ስትል መሪው ይከዳታል።

«ሁለት ሳምንት ታገሺና ግራውን እንልመድ» አለቻት ፔዳል።

«ሃያ ዓመት ታግሻለሁ፣ ይበቃኛል» አለች ነርሷ። ከኪሷ አንድ ወረቀት አወጣች። ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ወደ ቀኝ ብቻ የሚታጠፍ መንገድ በእስክሪብቶ ሥላለች። ገበያውን ይዞራል፣ ትምህርት ቤቱን ይዞራል፣ የውሃ ታንከሩን ሁለት ጊዜ ይዞራል። ሦስት ኪሎ ሜትር የነበረው ሰባት ሆኗል።

«ይሄማ እብደት ነው!» አለች ፔዳል።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ እነሳለሁ። ከመጣሽ ነይ።»

መጣች። ገና በደንብ ሳይነጋ፣ አየሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ነርሷን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች «ቀኝሽን ያዢ! አትቸኩዪ! ኸረ ቀና በዪ!» እያለች ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። የውሃ ታንከሩን ሁለተኛ ሲዞሩት አንድ በረንዳ ላይ ጥርሱን የሚፋቅ ሰው አፉ እንደተከፈተ አያቸው። ነርሷ እጇን ልታነሳለት ፈለገችና ፈርታ ተወችው፤ በአገጯ ብቻ ሰላም አለችው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረደች። ፊቷ ቀልቷል። ጋውኗን ከቦርሳዋ አውጥታ እየለበሰች፣ «እግሬ አላመመኝም» አለች በመገረም። «ቆይ እንጂ፣ እግሬን እኮ ምንም አላለኝም!»

ፔዳል ስለ ፍሬን አያያዟ ልትቆጣት ተዘጋጅታ ነበር። ለጊዜው ተወችው።